ጥዱ ስር የቆሙት ዳኛ

የባጫ ድምፅ ከባጫ ይበልጣል። ሰውየው አጭር ነው፤ ደረቱ ጠባብ፣ ካፖርቱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው የሚመስል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን፣ ሰበታ ባለው ፍርድ ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ የመዝገብ ቁጥርና የባለጉዳይ ስም ሲጠራ፣ ድምፁ ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን ዘሎ፣ በጅማ መንገድ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች ሁሉ አሸንፎ ይሰማል። ከመንገዱ ማዶ ድንች የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ የማን ጉዳይ ለመቼ እንደተቀጠረ ያውቃሉ።

ሥራው ችሎት ማስከበር ነው። ስም ይጠራል፣ ስልክ ያስዘጋል፣ ዳኛ ሲገቡና ሲወጡ ሰዉን ያስነሣል። ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት የዚያው ግቢ ጥበቃ ነበር፤ አንድ ቀን ስም የሚጠራው ሰው ጉሮሮውን ታሞ ቀረና "አንተ፣ እስቲ ጩህ" ተባለ። ጮኸ። ከዚያ ወዲህ አላቆመም።

ሰው የገዛ ስሙን ጮክ ተብሎ በሕዝብ ፊት ሲሰማ ምን እንደሚሆን እንደ ባጫ ያየ የለም። አንዳንዱ እንደተወጋ ይዘላል። አንዳንዱ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ወደ ኋላው ይዞራል። አንድ ሽማግሌ መሬት ስመው ነው የተነሡት። አንዲት ሴት ደግሞ "አቤት እማዬ!" ብላ መለሰች፤ እናቷ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባጫ ይህን ሁሉ ራት ላይ ለሚስቱ ለተረፈች ያወራላታል። ጉዳዩን አያወራም፤ ማን ምን እንደከሰሰ ትንፍሽ አይልም። የሚያወራው ስለ ሰዎቹ አነሣስ ነው።

ከዳኛው ቢሮ እስከ መኪና ማቆሚያው ሰባ እርምጃ ያህል ይሆናል፤ መካከሉ ላይ አንድ ያረጀ ጥድ አለ። ዳኛ ጃለታ የፍትሐብሔሩን ችሎት ብቻቸውን ያስችሉ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት። ቤታቸው ቡራዩ ነው። በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ ዞረው ይመጣሉ፤ አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ዝምተኛ ነበሩ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ጠበቆቹ "የሳቸው ፊት የተዘጋ መዝገብ ነው" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ባጫ ግን እግራቸውን አነበበ። ፍርድ በሚሰጡበት ቀን ዋዜማ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ለከሳሹ የሚፈርዱ ከሆነ ጥዱ ስር ቆም ይላሉ። መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጤናው አንድ ሁለት ቃል ይጠይቁታል። ክሱን ውድቅ የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ ማንንም ሳያዩ፣ ጥፋት እንደሠራ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው በፍጥነት ያልፋሉ። ባጫ ይህን ለማስተዋል ሦስት ዓመት ፈጀበት። ከዚያ ስምንት ዓመት ሙሉ በልቡ ሲያመሳክር ኖረ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝናብ ነበር።

እስቲ አስቡት። የሰው ቤትና ርስት፣ ገና ማኅተም ሳያርፍበት፣ በአንድ ሰው አረማመድ ውስጥ ሆኖ ግቢውን ያቋርጣል። የሚያየው ደግሞ ካፖርት የሰፋው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለተረፈች ብቻ ነገራት። እሷም እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችውና "ይህን ነገር ከአፍህ እንዳታወጣው" አለችው። "ሰው ከሰማ አንተን ትቶ ዛፉን ነው የሚቆርጠው።"

አላወጣውም። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

አዴ ወርቅቱ ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ነው። ባላቸው ሲሞት የባላቸው ታናሽ ወንድም ገርባ "መሬቱ የአባታችን ነው፤ አንቺ ልጅ እንኳ የለሽም" አለና ከላይ ያለውን ባሕር ዛፍም፣ ከታች ያለውን ማሳም የኔ ነው ብሎ ያዘ። ቦታው ወደ ከተማ ክልል በመግባቱ ዋጋው ንሮ ነበርና ክሱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። አዴ ወርቅቱ አራት ዓመት ተመላለሱ። ጠበቃ የላቸውም። በረንዳው አጠገብ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ ሁልጊዜ የሚቀመጡት እሷ ላይ ነው። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኙ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ ወደ አግዳሚው አይሄዱም። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን "ኦቦ ባጫ፣ እንዴት ይሆንልኝ ይመስልሃል?" ብለው አልጠየቁትም። ሌላው ሁሉ ይጠይቀዋል። እሳቸው "አካም ጂርታ?" ይሉታል፤ ደህና መሆኑን ሲነግራቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ያን ማክሰኞ፣ በኅዳር፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ መጡ። መዝገባቸው በማግስቱ ረቡዕ ለፍርድ ተቀጥሯል።

"ኦቦ ባጫ፣ የዕርቅ ወረቀት ጠዋት የሚገባው ለማን ነው?"

"ለሬጅስትራር። ከችሎት በፊት ከደረሰ ነው። ምነው፣ ታረቁ እንዴ?"

"ሽማግሌ ተቀምጧል። ማሳው ለኔ፣ ባሕር ዛፉ ለገርባ ይሁን ብለዋል። ደክሞኛል ልጄ፤ ጉልበቴም እንቢ ብሏል።" ድንጋያቸው ላይ ትንሽ አረፉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ አመሩ።

ወዲያው ዳኛ ጃለታ ከቢሯቸው ወጡ። ባጫ ሳያስበው እግራቸውን ያይ ጀመር። ቀስ እያሉ መጡ። ጥዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። እንደዚያ ለረጅም ጊዜ ቆመው አይቷቸው አያውቅም።

"ባጫ፣ ልጅህ ላሊሴ ደህና ናት? ሦስተኛ ዓመት ገባች አይደል?"

"ገብታለች ጌታዬ። ነርሲንግ።"

"ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ነርስ ጥሩ ነው።" ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ የኅዳር ንፋስ ደግሞ ከወጨጫ እየወረደ የግቢውን ቅጠል ያንኮሻኩሽ ነበር። መሐረባቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ እንደገና ግንዱን ያዙ። "በል ደህና እደር" ብለው ሄዱ።

መኪናቸው ከበሩ እንደወጣ ባጫ ሮጠ። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ ወዲህ ሮጦ አያውቅም። አዴ ወርቅቱን ባጃጅ ውስጥ አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ አገኛቸው።

"አዴ ወርቅቱ! ይቆዩ እስቲ!"

"ምነው፣ የረሳሁት ነገር አለ?"

"ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነው የሚያስፈርሙዎት?"

"አሁን ቤቴ ተቀምጠዋል። የጣት ቀለሙን ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት።"

"አይፈርሙ።"

አሮጊቷ እግራቸውን ከባጃጁ አወጡ። "ማን አለህ?"

"ማንም አላለኝም።"

"አንተ ዳኛ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ?"

"ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን ብቻ ይመኑኝ። ነገ ሁሉንም ያገኛሉ፤ ማሳውንም፣ ዛፉንም።"

የባጃጁ ሾፌር "እማማ፣ ትሄጃለሽ አትሄጂም?" አለ። አዴ ወርቅቱ ባጫን አዩት፤ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ገቡና ሄዱ።

አልፈረሙም። ገርባ ከሽማግሌዎቹ መካከል ብድግ ብሎ "ከእንግዲህ ስንዝር አታገኚም!" ብሎ እንደወጣ ሠፈሩ ሁሉ ሰማ።

ረቡዕ ጠዋት አዴ ወርቅቱ ነጭ ለብሰው መጡ። ገርባም ከጠበቃው ጋር መጥቷል። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ከሩብ ሆነ። ባጫ ከበሩ እስከ ጥዱ፣ ከጥዱ እስከ በሩ ይመላለሳል፤ የቁልፍ ዘለላው ኪሱ ውስጥ ይንቃጨላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬጅስትራሯ ሮዳስ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ዳኛ ጃለታን ሊነጋጋ ሲል ከቡራዩ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው መንገድ ላይ ነው ያረፉት፤ ልባቸው ነው አሉ።

ሮዳስ አንድ ወረቀት ሰጠችው። በእጅ ጽሑፍ የዕለቱ መዝገቦች ተዘርዝረውበታል፤ ከሥር ደግሞ የተለመደው ቃል አለ፦ "ዳኛ ስላልተሟላ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል።"

ባጫ ይህን ቃል በሕይወቱ ሺህ ጊዜ ጮሆታል። ዳኛ ስብሰባ ሲሄድ፣ ዳኛ ሲታመም፣ ዳኛ ሲዛወር። የዚያን ቀን ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ በረንዳው ላይ ቆመና አየው። ዐሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ "እንደምን አደርክ ባጫ" ያለ ሰው ሁለት ቃል ውስጥ ገብቷል፤ ዳኛ ስላልተሟላ። አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ በረንዳውን እንኳ አልሞላም። ድንች ሻጮቹ የዚያን ቀን ምንም አልሰሙም።

አዴ ወርቅቱ ሰምተዋል። ከድንጋያቸው ተነሡና ሊያናግሩት ሲመጡ ባጫ ወደ መዝገብ ቤት ገባ።

ለቅሶው ቡራዩ ነበር፤ ከገፈርሳ ወዲህ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ። ሠራተኞቹ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ የዳኛው ባለቤት ወይዘሮ የሺወርቅ ድምፃቸው አልቆ ተቀምጠዋል። ባጫ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሲይዝ አልለቀቁትም።

"ኦቦ ባጫ፣ እርስዎ ነዎት አሉኝ መጨረሻ ያዩት። ምን ይመስል ነበር?"

"ደህና ነበሩ እሜቴ። ጥዱ ስር ቆመው ስለ ልጄ ጠየቁኝ።"

"ቆሞ?" አሉ። "ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ነበር። ከመኪናው ወርዶ ቤት እስኪገባ ሁለቴ ነው የሚቆመው። አንዴ አጥሩን ይይዛል፣ አንዴ የመብራት ምሰሶውን ይይዛል። ላብ ያጠምቀዋል። ልጆቹ እንዳያዩት እኔን ወሬ አስይዤው እንድቆም ይለምነኝ ነበር። ወሬ እያወራሁ ከቆምኩ ሰው አይጠረጥረኝም ይላል። ሐሙስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ነበረው።"

ባጫ እጁን ከእጃቸው አወጣ። ከድንኳኑ ወጥቶ በአጥሩ ጥግ ቆመ። የመብራት ምሰሶው እዚያው አለ፤ ተራ የእንጨት ምሰሶ፣ ሰው እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ትንሽ ለስልሷል። ወይም ለባጫ እንደዚያ መሰለው።

ታዲያ ያየው ፍርድ አልነበረም። አንድ የታመመ ሰው እንዳይወድቅ ዛፍ ይዞ፣ እንዳይታወቅበት ስለ ልጅ ጠየቀ፤ እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ሮጠ። ሩጫው ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ተረፈች "እግርህ ቤት ውስጥ አልቆም አለ" እያለች ነው የምታነሣቸው። ይቀመጣል፣ ይነሣል። ራት ይቀርባል፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ በሩን ሊያይ ይወጣል። በሩ ተዘግቷል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ጠዋት ከማንም በፊት ፍርድ ቤት ደርሶ ባዶውን ወንበር ይወለውላል። ማንም አይቀመጥበትም፤ አቧራ ግን አይቀርም።

ግቢው በወሬ ተሞላ። ዳኛ ከሰንዳፋ ይመጣል ተባለ። አይ፣ ከለገጣፎ ነው ተባለ። አንድ ጠበቃ "ተሹሟል፤ የቀረው መኪና ብቻ ነው" አለ፤ ሌላው "የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌው፣ ሳይሰበሰብ ማን ይሾማል? እስከ የካቲት ጠብቁ" አለ። ባለጉዳዩ በየቀጠሮው ይመጣል፣ ባጫ ስም ይጠራል፣ ሰዉ ብድግ ይላል፣ ባጫ "ዳኛ ስላልተሟላ" ይላል፣ ሰዉ ይቀመጣል። ስምን ጠርቶ ለምንም ነገር አለማቅረብ! እንደ ቀላል ነገር የሚታይ ነው፤ ባጫ ግን እያንዳንዱን ስም የሰረቀ ያህል ይሰማው ነበር።

አዴ ወርቅቱ አራት ጊዜ ተቀጥረው አራቱንም መጡ። በአራተኛው ድንጋያቸው ላይ ሆነው ጠሩት።

"ኦቦ ባጫ፣ ገርባ ባሕር ዛፉን ምልክት እያደረገበት ነው። ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ፍርዱ በወጣ ማግስት እቆርጠዋለሁ ይላል። ትናንት ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት ደርሷል።"

"እግድ አለ አዴ ወርቅቱ። መቁረጥ አይችልም።"

"መቀባት ግን ይችላል" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። የነገራቸውን ነገር አላነሡበትም። ያንን ቢያነሡበት ይሻለው ነበር።

"ንገራቸው" አለችው ተረፈች።

"ነግሬያቸው ምን አገኛለሁ?"

"እንቅልፍ።"

አልነገራቸውም።

የካቲት ላይ አዲሷ ዳኛ መጣች። ሄመን ትባላለች፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የሱሉልታ ልጅ ናት። እናቷን እዚያው ትታ፣ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ መጥታ ሰበታ ቤት ተከራየች። ባጫ በመጀመሪያው ቀን እግሯን አየ። ስፖርት ጫማ ነበር ያደረገችው። በሁሉም ቀን እኩል ትራመዳለች። ከዚያ ወዲህ ማየቱን ተወ።

የአዴ ወርቅቱ መዝገብ ቀረበ። ባጫ ስማቸውን ጠራ። ዳኛዋ ፋይሉን ገልጣ ሁለቱንም ወገን አየች።

"በስምምነት ለመጨረስ ሐሳብ ያለው አለ?"

ገርባ ተነሣ። "ክብርት ዳኛ፣ እኔ ኅዳር ላይ ማሳውን ለቅቄላት ነበር። ጣቷን ልታሳርፍ ተዘጋጅታ ውጪ ደርሳ መጣችና እንቢ አለች። እዚህ ግቢ ውስጥ የመከራት ሰው አለ።"

"እዚህ ግቢ ውስጥ?" ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "ከሳሽ፣ የመከረዎት ሰው አለ?"

አዴ ወርቅቱ ቀስ ብለው ተነሡ። ዓይናቸው በሩን አገኘ፤ በሩ ላይ ባጫ አለ። ለጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። በሳቸው አንድ ቃል ከዚያ በር ሊባረር ይችላል፤ ሊከሰስም ይችላል። መዳፉ ውስጥ የያዘው ቁልፍ ቆዳውን ወጋው።

"አለ" አሉ አዴ ወርቅቱ። "ራሴን ነው ያማከርኩት፣ ልጄ። ክፉ መካሪ ናት።"

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም አፏን በእጇ ሸፈነች። ባጫ "ጸጥታ!" ማለት ነበረበት፤ አላለም።

ዳኛዋ መሬቱን ራሷ ሄዳ እንደምታይ ተናግራ ችሎቱን ስታነሣ፣ ባጫ ተከትሏቸው ወጣ። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆመ። ከዚያ ቆሞ መናገር ከበደውና መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

"አዴ ወርቅቱ፣ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም።" ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ጥዱ፣ ስለ ስምንቱ ዓመት፣ ስለ ማክሰኞ፣ ወይዘሮ የሺወርቅ ስላሉት። "ታመው ነው የቆሙት። እኔ ፍርድ መሰለኝ።"

ሲሰሙት ቆዩ። ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ።

"ላብ ነበራቸው?"

"ነበራቸው።"

"በዚያ ብርድ?"

"አዎ።"

"ውሃ ሰጠሃቸው?"

"አልሰጠሁም።"

"ለምን?"

ባጫ መሬቱን አየ። "እርስዎ ላይ ለመድረስ ቸኩዬ።"

አዴ ወርቅቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ያ ዋቃ!" ብለው ፈጣሪን ጠሩ። "የኔን መሬት ተወው። እሱ መሬት ነው፤ የትም አይሄድም። ሰውዬው ዛፍ ይዞ ላብ ሲያጠምቀው አንተ የምታየው እግሩን ነው?" ተነሡ። ጥቂት ሄደው ተመለሱ። "ደግሞ እኔም አብሬህ አለሁበት። አምኜህ ነው የሄድኩት።" እንደዚያ ብለው ሄዱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ዋል ሳይሉት።

ዳኛዋ መሬቱን በቦቲ ጫማ ተራምዳ አየችው። ምስክሮቹን እዚያው ጥላ ስር እንደገና ሰማች። ፍርዱ ለመጋቢት አጋማሽ ረቡዕ ተቀጠረ።

በዋዜማው፣ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሄመን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከቢሮ ወጣች። ባጫ በረንዳውን እየጠረገ ነበር። ጥዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን ግንዱ ላይ አሳረፈች። አንገቷን ደፋች።

ባጫ መጥረጊያውን ጣለ። መዝገብ ቤት ገብቶ የሮዳስን ፕላስቲክ ወንበር ከሥሯ ሊነጥቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሌላ ወንበር አገኘ፤ በሌላ እጁ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዞ እየሮጠ ደረሰ።

"ይቀመጡ! ያምዎታል? ይቀመጡ፣ መኪና ልጥራ?"

ሄመን ቀና ስትል ጆሮዋ ላይ ስልክ አለ። "እማ፣ አንዴ ቆይኝ" አለች። "ምን ሆኑ ኦቦ ባጫ? ኔትወርኩ እዚህ ጋ ብቻ ስለሚሠራ ነው እኮ።"

"ቢሆንም ይቀመጡ።"

አየችው። እያለከለከ ነበር፤ ካፖርቱ ከአንድ ትከሻው ወርዷል። ተቀመጠች። ጠርሙሱን ከፈተላት፤ እሱን ላለማሳዘን ጠጣች። ባለጉዳይ፣ ጠበቃ፣ ጥበቃ ሁሉም ቆመው ያያሉ፤ ዳኛዋ በግቢው መካከል በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ጥድ ስር፣ ውሃ ስትጠጣ።

"ሰው ሲቆም ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?" አለችው።

"የለም። አንዴ ሳላደርግ ቀርቼ ነው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ወንበሩ ላይ ዞር ብላ ወደ ባዶው የዳኛ ጃለታ መኪና ማቆሚያ አየች፤ ከዚያ ስልኳን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ረቡዕ ጠዋት አዴ ወርቅቱ ነጭ አልለበሱም። ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡና በዓይናቸው ጠሩት።

"ዋዜማውን ቆመች?"

"ቆመዋል።"

"እና?"

"ከእናታቸው ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። ወንበር ሰጠኋቸው። ውሃም።"

"ጠጣች?"

"ጠጥተዋል።"

"ጎሽ" አሉ። ጥርስ የጎደለው አፋቸው ለአንድ አፍታ ተከፈተ፤ ሳቅ ነበር። "በል ሂድና ጥራኝ።"

ጠራቸው። ድምፁ በረንዳውን ሞላ፣ አጥሩን ዘለለ። ከመንገዱ ማዶ አንዷ ድንች ሻጭ ሚዛኗን እንደያዘች ቀና አለች።

ዳኛዋ ፍርዱን አነበበች። የላይኛው ባሕር ዛፍ የአዴ ወርቅቱ ነው፤ እሳቸውና ባላቸው እንደተከሉት ሰባት ሰው መስክሯል። የታችኛው ማሳ የገርባ ነው፤ አባታቸው ለሱ እንደሰጡት የሚያሳይ ማኅተም ያለው ወረቀት አቅርቧል። ገርባ ጠበቃውን ክርኑን ይዞ እየጎተተ ወጣ፤ ደስ ይበለው ይክፋው እሱም ያወቀ አይመስልም።

ባጫ አዴ ወርቅቱን በረንዳው ላይ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ማሳውን ለሳቸው፣ ዛፉን ለገርባ ብለው ነበር። አሁን ዛፉ ለሳቸው፣ ማሳው ለገርባ ሆነ። በመካከሉ የባጫ አንድ ቃል አለ።

"አዴ ወርቅቱ፣ ተሻለ ወይስ ባሰ?"

አሰቡ። እውነት አሰቡ፤ በመንገዱ ላይ ሁለት ከባድ መኪና አለፈ።

"እንጃ" አሉ። "ማሳው ጤፍ ያበላኝ ነበር። ዛፉን ደግሞ ባሌ በእጁ ነው የተከለው፤ እኔ ውሃ እያመላለስኩ። እንጃ ኦቦ ባጫ፤ ስሄድ አስበዋለሁ።" ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። "ቅዳሜ ሥራ አለህ?"

"የለኝም።"

"አርባ ሦስት ዛፍ ላይ ያለ ቀለም የሚፍቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እኔ ጉልበቴ አይሆንም።"

ቅዳሜ ጠዋት ባጫ ከተረፈች አሮጌ ቢላዋ ተቀብሎ ወደ ወጨጫ ወጣ። ባሕር ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ንፋሱ በጫፋቸው ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከሥር ጸጥ ያለ ነው። ቀዩ ቀለም ልጣጩ ውስጥ ገብቷል። ይፍቃል፣ ይቆማል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ ሃያ ሰባተኛው ላይ ደረሰ። ላብ አጠመቀው። ካፖርቱን አወለቀ፤ ትንፋሹን ሊሰበስብ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለ።

"ባጫ!" የሚል ጩኸት ከታች፣ ከቤቱ በኩል መጣ። "ባጫ! ምን ሆንክ?"

ቀና ሲል አዴ ወርቅቱ ያንን ሁሉ ዳገት፣ በዚያ በማይሆን ጉልበታቸው፣ ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘው እየወጡ ነው፤ ውሃው በየእርምጃቸው ይፈስሳል።

"ምንም አልሆንኩም! አይምጡ፣ ያርፉ!" አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ።

አላረፉም። መጡ። ጣሳው ግማሽ ነው የቀረው፤ ባጫ ቁጭ ብሎ ጠጣው፤ እሳቸው ከላዩ ቆመው እስከ ጭላጩ እስኪጨርስ አዩት።